ሁለት ሰማይ በአንድ ክፍል

ሰፈሩ «ካፒቴን» ይለዋል። የእውነተኛ አውሮፕላን መሪ ላይ ግን እጁን አሳርፎ አያውቅም። ሥራው አሳንሰር መጠገን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ኖሮ ጡረታ ሲወጣ፣ እስቲ ደግሞ ወደ ፊት ልሂድ አለ። የጓሮዋን ክፍል ያዘ፣ ኮምፒውተር ገዛ፣ የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ጫነበት፣ ሦስት ስክሪን ግድግዳው ላይ ደረደረና መብረር ጀመረ።

ወንበሮቹን የፈታው ካረጀ ሚኒባስ ላይ ነው። ሁለት ናቸው፤ ጎን ለጎን አንድ የብረት መድረክ ላይ ተበይደዋል። ከመድረኩ ሥር ከአሳንሰር በር የወጣ ሞተር አለ። ስክሪኑ ላይ አውሮፕላኑ ሲያዘነብል መድረኩ ያዘነብላል። አውሮፕላኑ ሲወርድ መድረኩ ይሰምጣል። አንድ የአክስቱ ልጅ እዚያ ላይ ተቀምጦ ከወረደ በኋላ ግድግዳ ተደግፎ ብዙ ቆይቷል። ከዚያ ወዲህ ሊጠይቀው ሲመጣ ከሳሎን አያልፍም።

ረዳት አብራሪው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሱቁ ከካፒቴኑ በር ፊት ለፊት ነው፤ ደንበኛ ሲጠፋ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል። ደንበኛ ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሁለቱ በሌላው ነገር ሁሉ ይስማማሉ፤ የሚጣሉት በሰማይ ነው። ከማስመሰያው ጋር አብሮ የመጣው ሰማይ ድሃ ሰማይ ነው። ደመናው የሳሙና አረፋ ይመስላል፤ ዝናቡ ሲዘንብ ስክሪኑ የተጫረ እንጂ የረጠበ አይመስልም። ጥሩ ሰማይ የፈለገ ሰው ለሰማዩ ብቻ የተሠራ ሌላ ፕሮግራም ይጨምርበታል። እነሱም ፈልገው ሁለት ዓይነት አገኙ። ሁለቱንም ለሙከራ ጫኑ። የሙከራው ጊዜ ወደ ማለቂያው ነው፤ አንዱን መርጠው አንዱን መተው አለባቸው።

ካፒቴኑ የሚወደው እውነቱን የሚናገረውን ነው። ያ ፕሮግራም ከየአውሮፕላን ማረፊያው የአየሩን ወሬ በኢንተርኔት ይለቅማል፤ በዚያች ሰዓት እዚያ ቦታ ያለውን ነፋስና ዝናብ እንዳለ ያመጣዋል። እዚያ ከዘነበ እዚህ ይዘንባል። እዚያ ጉም ከሆነ ሦስቱም ስክሪን ነጭ ግድግዳ ይሆናል።

«ነጭ ግድግዳማ ሱቄም አለልኝ» ይላል ፀጉር አስተካካዩ።

የእሱ ምርጫ እንደ ልብ የሚታዘዘው ነው። ፀሐይ ካልከው ፀሐይ፣ ነፋስ የለም ካልከው የለም። ውበቱ ደግሞ ሌላ ነው። ምሽት ላይ ሲሆን ደመናው ከሥሩ ይቀላል፤ ጠርዙ በምላጭ የተስተካከለ ይመስላል።

«ደመና ማለት ይሄ ነው» ይላል ራሱን እየነቀነቀ። «ጠርዙን እየው። ዛሬ እንዲህ የሚያስተካክል እጅ የለም።»

«ውሸት ነው።»

«ይሄን የምትለኝ ሚኒባስ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ነው?»

«ወንበሩ ውሸት ቢሆን ሰማዩ እውነት ይሁን። በውሸት ሰማይ የሚበር ሰው ባዶ ድስት እንደሚያማስል ነው።»

ይህን ለፀጉር አስተካካዩ ብቻ ተናግሮ ቢተው ደግ ነበር። ለዳቦ ሻጯ ነገራት። ለጎረቤቱ በአጥር ላይ ነገረው። ምሳ ላይ ለሚስቱ ነገራት፤ እራት ላይ ደገመላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሚስቱ ሰምታ ዝም የምትል ሴት ናት። ዝም የምትለው ግን ስለምትረሳ አይደለም።

ሚስትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ሳሎን ውስጥ ነው፤ የተቆረጠ ጨርቅ ሶፋው ላይ፣ ስፒል ምንጣፉ ውስጥ። የጓሮዋን ክፍል ከጥንት ጀምሮ ትፈልጋታለች። መስኮቷ ሰፊ ነው፤ ብርሃን ሲገባባት መርፌ ላይ ክር ለመክተት መነጽር አያሻም። ካፒቴኑ ግን ስክሪኑ እንዲጎላ ብሎ መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶታል። ጨርቁም የእሷ ነው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «ይሄ አውሮፕላንህ ሰው ያሳፍራል?» አለችው።

«ለምን አያሳፍርም?»

«እህቴ ጋ ውሰደኛ።»

ካፒቴኑ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ክፍሉ አውሮፕላን ከሆነ ጀምሮ ስለ በረራ ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነው።

«ዛሬውኑ» አላት።

«ቆይ፣ አትቸኩል። ሆዴን ሳያጥወለውለኝ እህቴ ከተማ ካወረድከኝ ክፍሉ ያንተ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳብህም። ካጥወለወለኝ ግን መኪናዬ ይገባል፣ አንተ ትወጣለህ።»

«እሺ።»

«ቀኑን የምመርጠው እኔ ነኝ። ሰማዩ መቼም እውነተኛው ሰማይ ነው፤ አንተ በሌላ አትበርም።»

«በሌላ አልበርም።»

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ለእንዲህ ያለው ነው። የእህቷ ከተማ ሐይቅ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወቅቱ ደግሞ ዝናቡ ያለፈበት ነበር። ካፒቴኑ ከሰዓት በኋላውን ሲያፏጭ ዋለ።

ከማግስቱ ጀምሮ ሚስትየዋ በየጠዋቱ ለእህቷ ትደውል ጀመር። ካፒቴኑ ናፍቆት መሰለው። አንድ ጠዋት ጥርሱን እየቦረሸ በኮሪደሩ ሲያልፍ ድምጿን ሰማ።

«እንዴት አደርሽ እትዬ? እኛ ደህና ነን። ሰማዩስ? አሁንም ጥርት ያለ ነው? ነፋስም የለም? አይ፣ እንዲሁ ነው። እንግዲያው ነገ እደውላለሁ።»

ብሩሹ አፉ ውስጥ ቆመ። አፉን ሳይጉመጠመጥ መንገዱን ተሻገረ።

«መዓት እየጠበቀች ነው» አለው ለፀጉር አስተካካዩ።

«እንዴት ያለ መዓት?»

«እህቷ ጋ የሚወርድ መዓት። መዓቱ በመጣ ቀን ልትሳፈር ነው።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ። «ሆዷ እንዴት ነው? አውቶቡስ ላይ ያማታል?»

«ሁልጊዜ መስኮት በኩል ነው የምትቀመጠው።»

«ለመንገዱ ነው ወይስ ለሆዷ?»

«ጠይቄያት አላውቅም።»

«ስንት ዓመት አብረሃት ኖረህ?»

ካፒቴኑ የአፉን አረፋ ዋጠው።

ቀኑ መጣ። ካፒቴኑ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ ሚስቱ ከፊቱ ቆመች። የጉዞ ጫማዋን አድርጋለች፣ ሻርፕ አስራለች፣ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ይዛለች። በሌላው እጇ ባልዲ አለ።

«ዛሬ ነው» አለች።

«ባልዲው ምንድን ነው?»

«አውሮፕላንህ የወረቀት ከረጢት የለው። አንተ ሞተሩን አሙቅ፣ እኔ በሮቹን ቆልፌ መጣሁ።»

ካፒቴኑ ፀጉር አስተካካዩን በፉጨት ጠርቶ ወደ ክፍሉ ሮጠ። ማስመሰያውን ከፈተ፣ እውነት ተናጋሪውን ሰማይ ከፈተ፣ የእህቷን ከተማ ጻፈ። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላው ቆሞ አነበበ።

«ነጎድጓድ። በረዶ። ነፋሱ ደግሞ…» ከንፈሩን መጠጠ። «እንኳን አውሮፕላን አሞራም ዛሬ አይነሳም።»

«ምን ይሻላል?»

«የእኔን ክፈታ። ፀሐይ አድርግላት፤ ነፋሱን አጥፋው። አልጋ ላይ እንደተኛች ትደርሳለች።»

«ቃል ገብቻለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ስክሪኖቹን ልንቀል። የስፌት መኪናው ከባድ ነው፤ ሳይመሽ ከሳሎን ብናወጣው ይሻላል።»

ካፒቴኑ መሪውን አየ። ሚኒባስ ወንበሮቹን አየ። በገዛ እጁ የበየደውን መድረክ በእግሩ ነካ አደረገው። የሚስቱ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማል።

«ለዛሬ ብቻ» አለ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳተው። የአሳንሰር ሰው ሕግ አለው፦ አዲሱ ገመድ ጭነቱን ሳይሸከም አሮጌው አይፈታም። ካፒቴኑ በዚህ ሕግ ሠርቶ፣ ማንም ሳይወድቅበት ጡረታ ወጥቷል። እጁ ሌላ አያውቅም። የፀጉር አስተካካዩን ሰማይ ከፈተ፣ ፀሐይ አዘዘ፤ የራሱን ሰማይ ግን አልዘጋም። አዲሱ መያዙን ላረጋግጥ፣ ከዚያ እዘጋዋለሁ አለ። በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ገብታ ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጠችና ወንበሩ ላይ ተደላደለች። ቀበቶ ፈለገች፤ አልነበረም። ቦርሳዋን ታቀፈች። ካፒቴኑ እሷን በማሳፈር ተጠምዶ አሮጌውን ገመድ ረሳው።

ተነሱ። ከታች ያለው ከተማ አነሰ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ደመናው ጥቂትና ንጹሕ ነው። መድረኩ ላይ የተቀመጠ ወተት እንኳ አይፈስም። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ቆሞ ደመናውን በኩራት ያያል፤ የሠራው እሱ ይመስል።

«ያምራል» አለች ሚስትየዋ።

«በረራ እንዲህ ነው» አለ ካፒቴኑ።

ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ለእህቷ ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«እትዬ፣ እየመጣሁ ነው።»

«ማን አባቱ በዚህ አየር ይመጣል?» አለ የእህቲቱ ድምፅ። ከኋላው በቆርቆሮ ላይ ጠጠር የሚያፈሱ የሚመስል ጩኸት አለ። «በረዶው ጣሪያውን ሊበሳው ነው። የጎረቤቴ አጥር ሄዷል።»

«እኔ ጋ ፀሐይ ነው።»

«የት ሆነሽ ነው?»

ሚስትየዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። ሐይቁ ከሩቅ እንደ ትሪ ያበራል። «አንቺ ጋ ልደርስ ምንም አልቀረኝ። ጣሪያሽን ልፈልገው ነው።»

ካፒቴኑ ፊቱን ከስክሪኑ አላነሳም። ጆሮው ግን ቀላ። ሚስቱ ወደ እሱ ዞር አለች፣ አየችው፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰች። የእሷ ዝምታ እንደ መርፌ ነው፤ ሲገባ አይሰማም።

ይኼኔ እውነት ተናጋሪው ሰማይ አዲስ ወሬ ለቀመ።

በአንድ ጊዜ ሁሉም ነገር ጠቆረ። ቀስ ብሎ የመጣ ደመና አልነበረም፤ መብራት እንደጠፋ ነው። ነፋሱ አውሮፕላኑን ከጎኑ መታው፤ ሞተሩ ጮኸ፤ መድረኩ ወደ ግራ ዘፍ አለ። በረዶው ሦስቱን ስክሪን ይቀጠቅጣል። ካፒቴኑ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ሊያቃና ሲታገል፣ የፀጉር አስተካካዩ ሰማይ ደግሞ የታዘዘውን ሊፈጽም መጣ። ፀሐይ ወጣች። ነፋሱ ቀጥ አለ። መድረኩ ሲጢጥ ብሎ ቀና አለ።

«ምን ነበር?» አለች ሚስትየዋ።

«ትንሽ… የአየር ነገር ነው» አለ ካፒቴኑ።

ነጎድጓዱ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰማዮች አንዱ አንዱን እየገፋ ገቡና ወጡ። ፀሐይ፣ በረዶ፣ ፀሐይ፣ መብረቅ። ፀጉር አስተካካዩ ወደ ኮምፒውተሩ ዘሎ አንዱን ልዝጋ ብሎ ነካካ፤ ስክሪኑ በተቀያየረ ቁጥር ጠቋሚው ይጠፋበታል።

«የቱን ልዝጋ?» አለ።

«ያንተን» አለች ሚስትየዋ፣ ዞር ሳትል።

ፀጉር አስተካካዩ በድንጋጤ እጁን አነሳ። ማንም ምንም አልነገራት።

ካፒቴኑ ማዕበል የሚፈራ ሰው አይደለም። ማዕበል ከሆነ ማዕበል ነው፤ ሰው ሆዱን ያዘጋጃል። ይህ ግን ሌላ ነበር። ሆዱን ለወጀብ ሲያጠብቀው ጸጥታ ይመጣል፤ ሲያላላው መሬቱ ይሸሻል። ገመዱ የተበጠሰ አሳንሰር በየፎቁ እየተያዘ ሲወርድ እንዲህ ነው የሚሆነው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ከንፈሩ አመድ መሰለ።

ሚስቱን በዓይኑ ጥግ አየ። ቦርሳዋን ለቃዋለች። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። እየሳቀች ነው። ወንበሩ ሲሰምጥ እንደ ልጅ እግሯን ታነሳለች።

«እትዬ» ትላለች ለስልኩ፣ «አሁን በረዶሽ ውስጥ ገባሁ። አሁን ወጣሁ። ቆይ፣ ተመልሼ ገባሁ።»

«አንቺ ልጅ አሞሻል» አለች እህቷ።

«ባልዲ» አለ ካፒቴኑ።

ሚስቱ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል ባልዲውን በእግሯ ወደ እሱ ገፋችው። ካፒቴኑ መሪውን ለቀቀ፤ ከመድረኩ ወርዶ ግድግዳ ሥር ተንበረከከ። ቀሪውን መናገር አያስፈልግም።

አውሮፕላኑ ያለ ሰው ሲቀር ሚስትየዋ ወደ ባሏ ወንበር ተሸጋገረች። ማንም ነይ አላላትም፣ ማንንም አላስፈቀደችም። መሪውን ያዘች።

«ሳቢው» አላት ፀጉር አስተካካዩ። «አይ፣ ግፊው። እህቴ፣ ይቅርታ፣ ይሳቡት።»

«አንተ ፀጉርህን አስተካክል፤ አታወዛግበኝ።»

«መንደርደሪያው በስተቀኝ ነው፣ እባክዎ ወደ ቀኝ።»

«መንደርደሪያውን ምን ላደርገው? የእህቴን ቤት ነው የምፈልገው።»

በመብረቅ ብርሃን ከተማዋን አየቻት፤ በፀሐይ ደግሞ አጣቻት። ዝቅ አለች። በጣም ዝቅ አለች። ሐይቁ ተነስቶ መጣ። መድረኩ እስከ መጨረሻው ሰመጠና ጠቅ ብሎ ቆመ። ስክሪኑ ጨለመ።

ካፒቴኑ ራሱን ከባልዲው ቀና አደረገ።

«እትዬ፣ ሐይቁ ውስጥ ገባን» አለች ሚስትየዋ።

«እንግዲያው ልብሳችሁን ለውጡ» አለች እህቷና ስልኩን ዘጋችው። ጣሪያዋ አሳስቧት ነበር።

ሚስትየዋ ከወንበሩ ወረደች። ሻርፗን አስተካከለች፣ ለባሏ እርጥብ ፎጣ አመጣችለት፣ ከጎኑ ቆመች።

«ሆዴን አላጥወለወለኝም» አለችው። «ይቆጨኛል እንጂ አላጥወለወለኝም። ክፍሉ ያንተ ነው።»

ካፒቴኑ ፎጣውን ፊቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ከፎጣው ሥር፣ «መቼ ነው ያወቅሽው?» አለ።

«ሰማዩ ሲያምር።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እህቴ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ፀሐይዋ የእኔ ናት።»

«አውቃለሁ። ምላጭ የነካት ትመስላለች።» ወደ ባሏ ተመለሰች። «ምሳና እራት ላይ እውነተኛ ሰማይ ስትለኝ፣ እኔ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ነው ብዬ ቁጭ ብዬ ነበር። ለካ እውነት ነው። በረዶው እዚያ ሲወርድ እዚህ ያነሳኛል። እህቴ ላይ የወረደው እኮ ነው።» ጥቂት አሰበች። «ስፌቱ ሳሎን ይቆይ። ነገ ደግሜ እመጣለሁ። አንተ ጎኔ ትቀመጣለህ፤ ከቻልክ።»

«ወንበሩ…»

«ክፍሉ ያንተ ነው አልኩህ እንጂ ወንበሩን ማን አነሳው?»

ሙከራው ያለቀ ዕለት ሰማዩን የመረጠችው እሷ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ስለ ምሽት ደመና ብዙ ተናገረ። ሰምታ ሰምታ፣ ለሱቁ ግድግዳ ሥዕል አሠራው አለችው። የካፒቴኑ ሰማይ ቀረ። ካፒቴኑ ክርክሩን አሸነፈ ማለት ነው። ሰው ክርክር አሸንፎ እንዲህ ተክዞ ያየ የለም።

አንድ ተስፋ ነበረው። ጎኗ መቀመጥ አልቻለም፤ ሆዱ ያን ቀን ያየውን አልረሳም። እሷ ግን ጥሩ አየር አትወድም። ፀሐይ ከሆነ ትንሽ ትበርና ሰልችቷት ትነሳለች። ስለዚህ በድብቅ ለእህቷ ደወለ።

«እትዬ፣ እንደ ምን አሉ? አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ስትደውልልዎ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው ይበሏት።»

«ጥርት ያለ እኮ ነው። ሰሞኑን አንድ ደመና የለም። ነገርኳት።»

ካፒቴኑ ደረቱ ቀለለው። «ምን አለችዎ?»

«እንግዲያውስ ለአጎታችን እደውላለሁ አለች። እሱ ያለበት ተራራ ነው፤ ነፋስ አያጣም። የአጎታችንም ካልሆነ ያቺ ባሕር ዳርቻ ያገባችው የአክስታችን ልጅ አለች። ዘመድ ሁሉ ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ጠያቂ ሰው ነበረች ወይ እያለ ነው።»

ስልኩን ዘጋ። ሳሎን ውስጥ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትለካ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ፀጉር አስተካካዩ ሻይ ቀድቶላታል።

«ትቆያለች እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

«በረራ ላይ ናት» አለ ካፒቴኑ፣ ከምንጣፉ ላይ ስፒል እየለቀመ።

ከጓሮው ክፍል፣ በተዘጋው በር በኩል፣ የሚስቱ ድምፅ መጣ። አሁን ሌሊት የሆነበት ሩቅ አገር ያለ አንድ ዘመድ እያነጋገረች ነው።

«ማዕበል? በደንብ ያለ ማዕበል ነው? ጀልባ አልወጣም? ጎሽ። አትተኛ፣ መጣሁ።»